ፔሮሉን ከታች ጀምራችሁ አንብቡት

ልጆቼ፣

በገቢዎችም ሆነ በፋይናንስ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ አንድ ጥያቄ ታነሳላችሁ፤ ሀገር ወደ ገበያ ሥርዓት ስትሻገር ድሃው እንዳይጎዳ ምን ይደረግ? እኔ መልሱን የምፈልገው ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ላይ ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ቢሮአችንን የምታጸዳ አንዲት እናት ነበረች። ደመወዟ 2,000 ብር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው 600 ብር ብቻ ስለነበር 157 ብር ከ50 ግብር ይቆረጥባታል፤ 140 ብር ደግሞ ለጡረታ። አንድ ቀን ወረቀቱን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺ የተቆረጠችው ለምንድን ናት?» አለችኝ። አስረዳኋት። በተረፋት 1,702 ብር ከ50 ሳሙና ስትገዛ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) እንደምትከፍል ግን ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። እዚያው ግቢ የምትኖር ጎረቤቷ ድሆችን በሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በከተማ ሴፍቲኔት፣ ታቅፋ መንገድ እየጠረገች ድጋፍ ታገኛለች። የጎረቤቷን ችግር በጀቱ አውቆታል። የእሷን ፔሮሉ ደበቀው።

በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ቁም ነገር ነበረው። ኑሮ በየዓመቱ ሲወደድ ግብር የሚጀምርበት መነሻ እዚያው ቆመና፣ አዲስ ግብር ሳይታወጅ በደሃው ላይ ግብር ጨመረ። መነሻው 2,000 የገባው በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከአንድ ዓመት በኋላ። ቅደም ተከተሉ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የዋጋ ማሻሻያ ሰነድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ የግብር መነሻው ከፍ የሚልበት ቀን እዚያው ሰነድ ውስጥ መኖሩን ሳታዩ አትፈርሙ።

ደመወዝተኛው ላይ የምንበረታው ስለሚያመቸን ነው፤ ቀጣሪው ቆርጦ ያስገባልናል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚለውን ሻጭ መከታተል ግን ልፋት አለው። ሆኖም ግምት መፍትሔ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የነጋዴው የቀን ገቢ በግምት ተወስኖ ሲወጣ ስንት አነስተኛ ነጋዴ ደንግጦ ሱቁን ዘጋ! ወጥታችሁ ከነጋዴው ጋር ተቀመጡ፣ መዝገብ መያዝ አስተምሩት።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የመሥሪያ ቤታችሁን ፔሮል አስወጡ። ከኃላፊው አትጀምሩ፤ መጨረሻ መስመር ላይ ያለችው ስንት ብር ይዛ ቤቷ እንደምትገባ እዩ።