የግቢ አስፋልት ጥገና ጎንደር ላይ ያዋጣል?

በመንገድ ሥራ ደረጃ 4 ጨርሰሽ፣ «ጎንደር ላይ የሆቴልና የግቢ አስፋልት ጥገና ልጀምር ወይስ ተቋራጭ ዘንድ ልቀጠር?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህታችን፦

ሥራው ያዋጣል። ግን መጀመሪያ ቢያንስ አንድ በጋ ጥሩ ፎርማን ሥር ተቀጥረሽ ሥሪ። ሬንጅ ማፍሰስ ማንም ይለምደዋል፤ አስፋልቱ ለምን እንደተበላሸ አይቶ የሚናገር ሰው ግን አይገኝም። ደንበኛም ደግሞ የሚጠራሽ ለዚያ ነው።

ስንጥቁ ነጠላ ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ አፈሩንና ሣሩን ጠርገሽ፣ በደንብ አድርቀሽ መድፈን ይበቃል። እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ከሠራ ግን ከሥር ያለው ቤዝኮርስ (አስፋልቱን የሚሸከመው የተጠቀጠቀ የጠጠር ንጣፍ) ደክሟል። እሱን ላዩን ብትቀቢው ክረምት ሲገባ ጉድሽን ያወጣዋል፤ ተቆርጦ ይውጣና ከሥሩ ይሠራ። ወደ ደምቢያ ሜዳ ስትወርጂ ደግሞ ጥቁር አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ቆፍረሽ ሳታዪ ዋጋ አትስጪ።

ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ዝናብ እንዳባራ ግቢው ሄደሽ ውሃ የተኛበትን ዙሪያውን በጠመኔ አስምሪ። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦይ ማዘንበል አለበት።

ጉድጓድ ስትደፍኚ ጠርዙን ቀጥ አድርገሽ አራት ማዕዘን ቁረጪ። 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 5 ሳንቲ ሜትር ለሚጠልቅ ቦታ 94 ኪሎ ግራም ገደማ ትኩስ የአስፋልት ድብልቅ (ጠጠርና ሬንጅ) ይገባል፤ ከነብክነቱ 100 ያዢ። ከሥርና ከጎን የሚቀባው ሬንጅ ስስ ይሁን፤ ብዙዎች ይጠብቃል ብለው ያበዙታል፣ በፀሐይ ግን ወደ ላይ ይወጣና ልጥፉ ይንሸራተታል። ቴርሞሜትር ይኑርሽ፤ ከ120 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ የመጣ ድብልቅ ስለማይጠቀጠቅ መልሺው። ከጠርዝ ወደ መሃል ጠቅጥቂ፣ ሲያልቅም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር፤ መኪና ያወርደዋል። ሠራተኞችሽ አካፋቸውን በናፍጣ አስፋልቱ ላይ እንዳያጥቡ፤ ናፍጣ ሬንጁን ያሟሟዋል። የጄኔሬተርና የመኪና ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታም ቀድሞ የሚፈረፈረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገበያው ወቅት አለው። ሆቴሎች ለጥምቀት እንግዳ ግቢያቸው እንዲያምር ስለሚፈልጉ በመስከረም ዞረሽ ዋጋ አቅርቢ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሥሪ። አስፋልቱን ለመጠበቅ ላዩን የሚቀባውን ስስ ቅብ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ወለሉን ካሞቀው በኋላ ጀምሪ፤ ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይደርቅም። ለ24 ሰዓትም መኪና አይግባበት።

ውል ስትፈራረሚ የውሃ መውረጃውን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ባለቤቱ «እሱ ይቆይ» ካለ ለጥገናው ዋስትና አትስጪ።