ዲስክሽ «ስካን ኤንድ ፊክስ» ሲልሽ እሺ እንዳትይው

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ስትሰኪው ስንት ደቂቃ ቆይቶ ይመጣል፣ ከዛ ፎርማት ይደረግ ይልሻል፣ ውስጡ የሰርግሽ ፎቶና የልጆችሽ ቪዲዮ አለ፣ ሱቅ 12 ሺህ ብር ጠየቁሽ፣ ቤት ውስጥ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። ይቻላል። የኔም አምና ክረምት ቁርጥ እንዳንቺው ነበር፣ እኔ የሄድኩበትን ልንገርሽ።

1. ዲስኩን አሁኑኑ ንቀይው። ይቺን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳን ተሰክቶ አይቆይ። እስቲ አንዴ ልሞክር እያልሽ በሰካሽው ቁጥር ከቀረችው እድሜው ላይ ነው የምትቀንሺው።

2. ድምፁን ስሚው። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ እያለ የሚመላለስ ከሆነ የሚያነበው ጭንቅላት ሄዷል ማለት ነው፣ እሱ በቤት የሚሠራ አይደለም፣ ተይው። የኔ ግን በደንብ ይሽከረከራል፣ ብቻ ይንቀራፈፋል፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ቀጥ ይላል፣ ያንቺም እንደዛ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ጥያቄሽ ስር ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው ያለሽን ወንድም ደግሞ እባክሽ አትስሚ፣ ሲወጣ ውስጡ ላብ ያልበዋል፣ ዳታው ያለበት የሚሽከረከረው ሳህን እርጥብ ሆኖ ጭንቅላት ሲሄድበት ያኔ እውነትም ያበቃለታል።

3. ዲስኩን ስትሰኪው ዊንዶውስ የሚያመጣልሽን «ስካን ኤንድ ፊክስ» (ፈትሸህ አስተካክል) የሚለውን እንዳትነኪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። የሰርጌ ቪዲዮ የ1996 ነው፣ በቪኤችኤስ ካሴት ነበር፣ በኋላ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩትና ቤት ስንቀይር ካሴቶቹን ጣልናቸው። አባቴ በ2009 አረፈ። ድምፁ ያለው እዛ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። እና ኮምፒውተሩ ዲስክህ ችግር አለበት ላስተካክልልህ ሲለኝ እሺ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 11 ፐርሰንት ላይ ቆሟል፣ ዲስኩ በእጅ አይያዝም፣ ግሏል። ነቅዬ መልሼ ስሰካው ፎልደሮቼ የሉም፣ ፋውንድ ዜሮ ዜሮ ዜሮ የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስም የሌላቸው ፋይሎች ተከምረዋል።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ እሺ ስትይው የሚነሳው ይሄ ቼክ ዲስክ የሚሉት ፕሮግራም የሚያስተካክለው ዲስኩን አይደለም፣ የፋይሎቹን መዝገብ ነው። ማንበብ ያቃተውን መዝገብ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል፣ ፋይሉ እዛው ደህና ተቀምጦ ስሙና ቦታው ይጠፋል። ዲስኩ ጤነኛ ሲሆን ጥሩ ነገር ነው፣ ለታመመ ዲስክ ግን ሌሊቱን ሙሉ መጥፎው ቦታ ላይ እያመላለሰ ይጨርሰዋል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ለዛ ነው በቁጥር የጀመርኩት ነገር እዚህ ጋ የረዘመብኝ።

ከዛ ደንግጬ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ 15 ሺህ አለኝ፣ ግማሹን በቅድሚያ። 5 ቀን አመላለሰኝ፣ ስደውል ያነሳና እየተሠራ ነው ብሎ ይዘጋል፣ በ6ኛው ቀን «ሞቷል፣ ውሰደው» ብሎ ባንኮኒው ላይ ገፋልኝ። 7,500 ብሬንስ? የምርመራ ነው። ቤት ገብቼ ሳየው የዲስኩ ክዳን ላይ ያለው ስቲከር ተልጧል፣ አንዱ ብሎን ተፋፍቋል፣ የኮከብ መፍቻ ስላልነበረው ነው ያተረፈኝ። ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ነው የሚንሳፈፈው፣ እሱ ደግሞ ያን ሊከፍት የነበረው በሩ መንገድ ላይ በተከፈተ ሱቅ፣ እዛ ሁሉ አቧራ ውስጥ ነው! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ግን ከዛ ቀን በኋላ ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ተቀመጥኩበት።

4. መጀመሪያ አዲስ 2 ቴራ ግዢ፣ የታመመውን ሙሉውን እሱ ላይ ነው የምትገለብጪው፣ እሱ ሳይኖር እንዳትጀምሪ። ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ይሁን፣ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ያንቺ ቅጂ ደግሞ አንድ ትልቅ የ1 ቴራ ፋይል ነው የሚሆነው። ኡቡንቱ የሚባለውን በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ፍላሽ ላይ ጭነሽ ኮምፒውተሩን በሱ አስነሺው፣ የታመመውን ዲስክ ክሊክ አድርገሽ እንዳትከፍቺ። የሚገለብጠው ፕሮግራም ዲዲሬስኪው (ddrescue) ይባላል፣ ስትጭኚው ግን ፊቱ ላይ ጂ ጨምረሽ ጂዲዲሬስኪው (gddrescue) ብለሽ ነው የምትፈልጊው፣ እኔ ይቺን እስካገኝ ግማሽ ቀን ሄዷል። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ቦታ ቶሎ ይገለብጣል፣ እምቢ ያለውን ዘሎ በመጨረሻ ይመለስበታል፣ ቁምነገሩ እሱ ነው። ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ኤን (-n) ጨምሪበት፣ በመጀመሪያው ዙር አስቸጋሪው ቦታ ላይ አይፋጭም። ሲጨርስ ያለ ኤን፣ ሰረዝ አር ሦስት (-r3) ብለሽ ድገሚው።

ማፕ ፋይል የሚባለውን፣ የቱ እንደተገለበጠና የቱ እንደቀረ የሚመዘግበውን፣ ደግሞ አዲሱ ዲስክ ላይ አስቀምጪው። እኔ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ሙት ነው፣ በፍላሽ የተነሳ ኡቡንቱ ሲጠፋ ዴስክቶፑም አብሮ ይጠፋል፣ የ14 ሰዓት ሥራ እንደገና ከዜሮ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ፣ ግን ማፑ ስለነበረ ካቆመበት ቀጠለ። በ5ኛው ቀን ከ1 ቴራ 38 ሜጋባይት ብቻ ቀረ። ሞቷል የተባለው ዲስክ ነው እንግዲህ!

ከዛ የታመመውን አስቀምጠሽ ቅጂው ላይ ብቻ ሥሪ። አንቺ ቼክ ዲስክ ካላደረግሽ ዲኤምዲኢ (DMDE) በሚባል ፋይል ማውጫ ፕሮግራም ከፍተሽ ፎልደሩንም ስሙንም አብዛኛውን እንዳለ ታገኚዋለሽ፣ ነፃው አንዴ ላይ 4,000 ፋይል ነው የሚያወጣልሽ፣ ደጋግመሽ ታወጪዋለሽ። እኔ ግን ስሙ ስለጠፋብኝ ፎቶሬክ (PhotoRec) በሚባል ያለ ስም ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም አወጣሁት፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ ነው፣ አራት ሌሊት አንድ በአንድ እየከፈትኩ ፈለግኩ። ሰርጉን አገኘሁት። አባቴ ተነስቶ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብሎ ምርቃቱን ሲጀምር ስክሪኑ ግራጫ ካሬ በካሬ ይሆናል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ 20 ሰከንድ ቆይቶ ቤቱ ሙሉ አሜን ሲል ይመለሳል። ዲስኩ ያን ሌሊት 11 ፐርሰንት ላይ እየተፋጨ ባያድር ያቺ 20 ሰከንድ ትተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ የቀረኝ፣ ዲስክሽ የዌስተርን ዲጂታሉ ማይ ፓስፖርት ከሆነ ካቨሩን አትፍቺው፣ ብዙዎቹ ዩኤስቢው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ ዳታውንም ቦርዱ ነው የሚቆልፈው። እና ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ የታመመው ዲስክ ነው የሚጻፈው፣ ቀጥሎ አዲሱ ላይ የሚቀመጠው የቅጂው ፋይል፣ መጨረሻ ላይ ማፑ። የዲስኮቹ ስም ካምታታብሽ ኢንተር ሳትጫኚ ስክሪኑን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አለሁ።