ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ መኪና ፍሬንና ኤሌክትሪክ፦ ለወጣት መካኒኮች

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር ጋራዦች ውስጥ ሙያ እየቀሰማችሁ ያላችሁ ናችሁ። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ እንደኔ አሜሪካ መጥታችሁ እዚሁ ሙያ ላይ ቀጥላችኋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ያረጀ መኪና ነው። በየብስም በውሃም ይሄዳል። አሜሪካኖች «ዳክ» ይሉታል።

አብዛኞቻችሁ ይህን መኪና በሕይወታችሁ ላትነኩት ትችላላችሁ። ግድ የለም። እኔ ስለ ፍሬንና ስለ ኤሌክትሪክ በደንብ ማሰብ የተማርኩት ግን ከሱ ነው። ሌላ መኪና ላይ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ጉድለት፣ ውሃ የሚገባ መኪና ላይ ቶሎ ይጋለጣል። ለዚህ ነው ላስተምርበት የፈለግኩት።

መኪናው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ከ21 ሺህ በላይ ሠርቷል። መሠረቱ ተራ የጦር ሠራዊት ካሚዮን ነው፤ ስድስት ጎማ፣ ስድስቱም የሚነዱ። ከሥር እንደ ጀልባ ተዘግቷል፣ ከኋላ ውሃ የሚገፋ ፕሮፔለር አለው። ነጂው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የጎማውን አየር መጨመርና መቀነስ ይችላል፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ለቱሪስት ማመላለሻ ተሸጡ። ዊስኮንሲን ውስጥ ከ1946 ጀምሮ ሰው ያመላልሳሉ። እኔም ያገኘኋቸው በዚሁ ሥራ ላይ እያሉ ነው።

ከፍሬኑ ልጀምር።

የመጀመሪያዎቹ ዳኮች የፍሬን ዘይት መሥመር አንድ ብቻ ነው። ዛሬ የምትሠሯቸው መኪናዎች ሁለት መሥመር አላቸው፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ያቆማል። እዚህ ግን ከስድስቱ ጎማዎች የአንዱ ቱቦ ቢቀደድ ስድስቱም ፍሬን ያጣሉ። ስለዚህ «አምስቱ ደህና ናቸው፣ ስድስተኛውን በሚቀጥለው ሰርቪስ» የሚባል ነገር የለም። በአገራችን መንገድ ላይ አሁንም የሚሠሩ አሮጌ መኪናዎች ውስጥ ባለ አንድ መሥመር ታገኛላችሁ። ፍሬን ከመንካታችሁ በፊት ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር፣ ከፍታችሁ መሥመሩ ስንት እንደሆነ እወቁ።

ባለቤቱ መጥቶ «ፍሬኑ አይዝም» ሲላችሁ ቁልፍ አታንሱ። ጠይቁ። መቼ ነው የማይዘው? ከውሃ እንደወጣ ነው ወይስ ደረቅ መንገድ ላይም? ከውሃ ሲወጣ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ከበሮ) ውስጥ ውሃ አለ፣ እሱን ከውስጥ ይዞ የሚያቆመው ሸራ ርሷል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አረጋገጦች ላይ መኪናው መንሸራተቱ አይቀርም። ነጂው ቀስ ብሎ እየነዳ ፔዳሉን በስሱ ይዞ ማድረቅ አለበት። ይህ ብልሽት አይደለም። ኦሞ ወይም ጋምቤላ ውስጥ ወንዝ አቋርጦ የሚመጣ ላንድክሩዘርም ታምቡር ካለው እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ሸራ የተቀየረላቸው ስንት መኪናዎች አይቻለሁ! ደንበኛው ከፈለ፣ በሚቀጥለው ወንዝ ላይ ያው ሆነ።

ደረቅ ላይም የማይዝ ከሆነ ፔዳሉ ራሱ ይነግራችኋል። ስትረግጡት ስፖንጅ ስፖንጅ የሚል ከሆነ አየር ገብቷል። ጠንክሮ ቆይቶ ከእግራችሁ ሥር ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነና በውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለ፣ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ፣ ዘይት እያሳለፈ ነው። ድንጋይ ሆኖ አልረገጥ ካለ ሰርቮውን፣ ማለትም የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘውን ዕቃ፣ ጠርጥሩ። ዳክ የሞተሩን ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) የሚጠቀም ሰርቮ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። የፍሬን ዘይት እየጎደለ፣ ቱቦውም ጎማውም ደረቅ ሆኖ፣ ከጭስ ማውጫው ግን ነጭ ጭስ ካያችሁ፣ ዘይቱ በሰርቮው ውስጥ ተስቦ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ለማውረድ ከመቸኮላችሁ በፊት የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅላችሁ ውስጡን እዩት።

በጣም የምወደው ጉዳይ ደግሞ ወደ አንድ ወገን የሚጎትተው ፍሬን ነው። አንድ ጊዜ ወደ ግራ የሚጎትት ዳክ መጣልን። ከኛ በፊት ሌላ ቦታ የፊቱ ሸራ በሙሉ ተቀይሮለታል፣ ታምቡሩም ተላጭቷል። መጎተቱ ግን አልቀረም። ክሪክ ላይ አንስተን ፔዳሉን ረግጠን ለቀቅን። የቀኙ ጎማ ወዲያው ይዞራል፣ የግራው አልዞርም አለ። የግራውን የዘይት መልቀቂያ ትንሽ ስንከፍተው ዘይቱ በግፊት ተፈናጥሮ ወጣና ጎማው ተለቀቀ። ጥፋቱ ያለው ሸራው ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ወደ ጎማው በሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ላይ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን አብጦ ተዘግቷል። እግር በኃይል ሲረግጥ ዘይቱ ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን መመለሻ ያጣል። ብልሽት የሚታይበት ቦታና የሚነሳበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከፔዳሉ ጀምራችሁ እስከ ጎማው መንገዱን ተከተሉ፤ የት ጋ እንደተቋረጠ ሳታውቁ ዕቃ አትግዙ።

ስለ ፍሬን ዘይት ጥቂት ልበል። ተራው ዘይት፣ ዶት 3ም ዶት 4ም፣ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ውሃ ውስጥ ለሚገባ መኪና በየዓመቱ ቀይሩት ብላችሁ ብትመክሩ አልበዛም። አንዳንድ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሲሊኮን ዘይት፣ ዶት 5ን ይመርጣሉ፤ ውሃ አይስብም። ነገር ግን ውሃ ከገባበት አይቀላቀልም፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀምና እዚያው ሲሊንደሩን በዝገት ይበላል። ከተራው ዘይት ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት። ዶት 5.1 የሚባለው ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን አይደለም፤ ተጠንቀቁ።

እባካችሁ የፍሬን ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ። ብዙ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ጎሚኒው ያብጣል፣ በሳምንቱ ፍሬኑ ይነክሳል። በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እጠቡት። የታምቡሩንም አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ሙያው ዕድሜያችሁን እንዲበላው አልፈልግም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ ዳክ ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 6 ቮልት ነበር። ብዙዎቹ በኋላ ወደ 12 ተቀይረዋል፣ ያልተቀየረ ሲያጋጥም ግን ወጣቶች ግራ ይጋባሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ 45 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት ከ4 አምፒር ያነሰ ይወስዳል። በ6 ቮልት ግን 7.5 አምፒር ይፈልጋል። መንገዱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ የሚሆን የዛገ መገናኛ ቢኖር፣ በ12 ቮልቱ መኪና ላይ ወደ 0.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል፣ መብራቱም ብዙም አይታወቅበት። በ6 ቮልቱ ላይ ግን 0.75 ቮልት ይጠፋል። ከስድስት ላይ ይህ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ከዚያም በበለጠ ይወርዳል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲሆን ይብሳል። 200 አምፒር በሚሄድበት ገመድ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ብትኖር 2 ቮልት ትበላለች። ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሲዞር «ባትሪ ሞቷል» ይባላል፣ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ አሁንም ያቃስታል።

ይህችን 0.01 ኦም ተራ ቴስተር በኦም አያሳያችሁም። ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ ለኩ። መብራቱን አብሩ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን የመብራቱ አካል ላይ አኑሩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካሳየ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ጥሩ አይደለም። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ አድርጉ። ገመዱን ሳትቆርጡ፣ ምንም ሳትፈቱ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ ታገኙታላችሁ። እኔ ይህን ለክቶ የማያምን ኤሌክትሪሺያን አላስጠጋም።

አንድ የታደሰ ዳክ ነበር፣ ቀለሙ የሚያምር። የግራውን ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ይርገበገባል። አንዲት ተለማማጅ ልጅ ነበረችን፣ ዝምተኛ። ሌሎቹ ፍሬቻ ማብሪያውን ለመቀየር ሲከራከሩ እሷ ቴስተር ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ማሳው የታሰረበት ብሎን የተጠበቀው አዲሱ ቀለም ላይ ነበር፤ ብረቱን አይነካም። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይሄዳል። ቀለሙን ፋቀችው፣ ብረቱን አበራችው፣ አስራ ላዩን በግሪስ ሸፈነችው። ማብሪያው ደህና ነበር። ዛሬ እሷ የራሷ ጋራዥ አላት፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

ውሃ ለሚገባ መኪና ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሥሩ የተዘጋ ስለሆነ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን መሬት ላይ አይወርድም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል። እናንተ የባትሪ ገመድ ስትነቅሉ የምትወጣ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች። መጀመሪያ ክዳኖቹን ክፈቱ፣ አናፍሱ፣ አሽትቱ። ከዚያ በኋላ ነው ባትሪው የሚነካው። ገመድ ስትነቅሉም ከማሳው ጀምሩ።

ውሃ የሚያወጡት ፓምፖችና ውሃ ሲገባ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት እነሱን ፈትሹ። መብራት ቢጠፋ ሰው ያማርራል። ፓምፕ ቢቆም ሰው ይሞታል። ማጋነኔ አይደለም። በግንቦት 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. አርካንሳስ ውስጥ ሆት ስፕሪንግስ አጠገብ ሚስ ማጀስቲክ የምትባል ዳክ ሐይቅ ከገባች በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ከ21 ሰው 13ቱ ሞቱ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት፣ ውሃው የገባው የኋላው የማዞሪያ ዘንግ በሚያልፍበት ቦታ ያለው የላስቲክ መሸፈኛ ከቦታው በመውጣቱ ነው። ጥገናው በቂ አልነበረም ብሎም ጽፏል። ላስቲክና ማሰሪያ ብቻ! ፍሬን የሚሠራ መካኒክ ከዚያ ሥር ሲገባ ያን መሸፈኛ ያየዋል። «እኔ የመጣሁት ለፍሬን ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሌላው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ የሆነው ነው። ሲያትል ስንት ወገናችን የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ያን ቀን ሁላችንም ደንግጠን ነበር። አውሮራ ድልድይ ላይ የአንድ ዳክ የፊት አክስል ተሰብሮ ተማሪዎች ከጫነ አውቶቡስ ጋር ተጋጨ። አምስት ተማሪዎች ሞቱ። አክስሉ እንዲጠናከር በ2013 እ.ኤ.አ. የጥገና ማሳሰቢያ ወጥቶ ነበር። በዚያ መኪና ላይ ግን ሥራው አልተሠራም። እኛ ሐበሾች ሥራ እንወዳለን፣ ወረቀት ግን እንጠላለን። የአምራቹን ማሳሰቢያ ማንበብ የቢሮ ሥራ አይደለም፣ የመካኒክ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፤ አያሳፍርም።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ወዲያው አታስረክቡ። መጀመሪያ ቆሞ እያለ ፔዳሉን በኃይል ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ እንዳይወርድ። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ። ከዚያ መንገድ ላይ፣ ተመልሳችሁም ስድስቱን ታምቡር በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሙቀቱን አመዛዝኑ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ይነክሳል፣ ከቀዘቀዘ አይሠራም። ውሃ ውስጥ የምታስገቡት በመጨረሻ ነው፣ ሰው ሳትጭኑ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ። ስትወጡ ወለሉን አይታችሁ ምን ያህል ውሃ እንደገባ ለኩ። የጎማውን ኩሽኔታም ክፈቱት፤ ግሪሱ ነጭ ወተት መስሎ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላ።

ባለቤቱ ቅዳሜ ቱሪስት አለኝ ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ። አክብራችሁ አነጋግሩት፣ ጎማውን አንስታችሁ ያልጨረሳችሁትን በዓይኑ አሳዩት፣ ቁልፉን ግን አትስጡት። ካልሰማ ያልተሠራውን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ አስፈርሙት። የለካችሁትን ቮልትም፣ የቀየራችሁትን ዘይት ዓይነትም፣ ቀኑንም እዚያው ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ ልጅ እጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያ ልጅ ማስተሩ ውስጥ ያለው ዶት 3 ይሁን ሲሊኮን የሚያውቀው ከናንተ ጽሑፍ ብቻ ነው።