ስለ ሲጋር አመራረጥ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን "የትኛው ሲጋር ይሻላል" እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ስለበዛችሁ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የማወራው በእጅ ስለሚጠቀለለውና ውስጡ ሙሉ ቅጠል ስለሆነው ነው፣ ማሽን የሚሰራውን ቫኒላ ምናምን የሚሸተውን አይደለም። ለማያጨስ ሰው ደግሞ ጀምር አልልም፣ ጭሱ ባይዋጥም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፣ ሱስም ያስይዛል። ይሄን አውቆ አልፎ አልፎ ለሚያጨስ አዋቂ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ሰርግ ላይ ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ግማሽ ሳላደርስ ራሴን አዞረኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ሲጋር አይሆነኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ያ ኒኮቲን ነው። ምናልባት ሆድህ ባዶ ነበር፣ ወይ ደግሞ እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ ስበኸዋል። የሲጋር ኒኮቲን ጭሱን ባትውጠውም በአፍህ በኩል ይገባል፣ ስለዚህ ሳታውቀው ነው የሚደርስብህ። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል፣ ካዞረህ አስቀምጠውና ጭማቂ ወይ ለስላሳ ጠጣ። ሌላው የቅጠሉ ነገር ነው። ከተክሉ ታች የሚለቀመው ቮላዶ ቀላል ነው፣ እሳት እንዲይዝ ነው የሚገባው፣ የመሀሉ ሴኮ ሽታውን ይሰጣል፣ ጫፍ ላይ ሆኖ ፀሀይ ሲመታው የሚከርመው ሊጌሮ ግን ወፍራምና ሀይለኛ ነው። ሊጌሮ የበዛበት ደርሶህ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ምሳህን በልተህ፣ ሻጩን "ማይልድ ስጠኝ" በለው።

ጥያቄ፦ ጥቁር የሆነው ሁሉ ሀይለኛ ነው አይደል? እኔ ሁሌ ነጣ ያለውን ነው የምወስደው።

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ጥሩ ነገር እንዳይቀምስ ያደረገ ወሬ ነው! ቀለሙ የሚነግርህ ስለ ላይኛው መጠቅለያ ቅጠል ብቻ ነው፣ ራፐር ስለሚሉት፣ ሀይሉ ያለው ግን በብዛት ውስጡ ባለው ቅጠል ነው። ማዱሮ የሚባለው ጥቁሩ ቅጠል ክምር ተደርጎ በራሱ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ሲብላላ ነው የሚጠቁረው፣ በዛው ጣፈጥ ይላል፣ የካካዎ የተቆላ ቡና የቴምር አይነት ጣዕም ያመጣል። ለዚህ ወፍራም ቅጠል ነው የሚፈለገው፣ አሜሪካ ውስጥ ኮኔክቲከት ብሮድሊፍ፣ ሜክሲኮ ደግሞ የሳን አንድሬስ ቅጠል የታወቁ ናቸው። ነጣ ያለው ኮኔክቲከት ሼድ በጨርቅ ዳስ ስር ጥላ ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ኢኳዶር ላይ ደግሞ ደመናው ራሱ ጥላ ይሆንለታል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ስስና ለስላሳ ነው፣ ቅቤ፣ ክሬም፣ የደረቀ ሳር ይሸታል። ካሜሩን ራፐር የሚባል ደግሞ አለ፣ ስስ ሆኖ ቀረፋ ቀረፋ የሚል፣ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ አርቱሮ ፉዌንቴ ሄሚንግዌይ የሚባለው ሲጋር ጥሩ ማሳያው ነው። ስለዚህ ለስላሳ ማዱሮም አለ፣ ነጥቶ የሚያዞርም አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የራሴን ጣዕም እንዴት ልወቀው? ሱቅ ስገባ ግድግዳው ሙሉ ሲጋር ነው፣ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰው ዛሬ ረጅም ዶሚኒካን፣ ነገ ወፍራም ኒካራጓ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ይሞክርና ምን እንደወደደ ሳያውቅ ብሩን ይጨርሳል። መጠኑን አትቀይር፣ ሮቡስቶ የሚባለውን አጠር ያለ መጠን ከያዝክ ሮቡስቶ ላይ ቆይ፣ ከተቻለም አምራቹን አትቀይር፣ ራፐሩን ብቻ ቀይር። ፓድሮን 1964 የሚባለው ሲጋር በናቹራልም (ባልጠቆረው ራፐር) በማዱሮም ይወጣል፣ ሁለቱን በተለያየ ቀን ከተመሳሳይ ምግብ በኋላ ብትሞክራቸው ልዩነቱ ራሱ ያስተምርሃል። ዋጋው ከከበደህ ፔርዶሞም አንዱን መስመሩን በኮኔክቲከት፣ ፀሀይ ላይ ባደገው ሰን ግሮውንና በማዱሮ ያወጣል። ከዛ ስልክህ ላይ ሁለት መስመር ጻፍ፣ ምን ምን አለኝ፣ መጨረሻ ላይ መረረኝ ወይስ አልመረረኝም። በመጀመሪያው ሲሶ አትፍረድ፣ ጥሩ ሲጋር እየሄደ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ቡና ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ይሄ ነገር ይጠቁመኛል?

መልስ፦ ያለ ስኳር የለመደ ሰው መረር ያለና በርበሬ በርበሬ የሚል ነገር አይከብደውም፣ ኒካራጓን ሞክር። የኤስቴሊ አካባቢ ትምባሆ ቁንዶ በርበሬ አለው፣ የሃላፓ ሸለቆ ግን ጣፈጥና ለስለስ ይላል። ማኪያቶ የምትወድ ሰው ብትጠይቀኝ ወደ ዶሚኒካን ነው የምልካት፣ ማካኑዶ ካፌ ወይ አሽተን ክላሲክ፣ ሁለቱም ኮኔክቲከት ሼድ ናቸው። አብሮ ለመጠጣት ከሆነ ደግሞ የይርጋጨፌ ቡና ላይ ማዱሮ አትጨምርበት፣ የአበባውንና የሎሚውን ሽታ ያጠፋብሃል፣ ነጣ ካለው ጋር ነው የሚያምረው። የሀረር ቡና ግን ማዱሮን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት፣ እዚህ ሁሉም ኩባ ኩባ ይላል። እውነት አንደኛ ነው?

መልስ፦ ኩባ ትልቅ ነው፣ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ያለው የቩዌልታ አባሆ መሬት የሚሰጠው ጣዕም ሌላ ቦታ አይገኝም፣ ግን አንደኛ የሚባለው ላንተ የሚስማማህ ከሆነ ብቻ ነው። አምራቾቹ በፈረንጆቹ 1960 በመንግሥት ሲወረሱ ብዙዎቹ ሙያቸውን ይዘው ተሰደዋል፣ ዛሬ ዶሚኒካን፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ላይ የሚሰራው ከዛ የወጣ ነው። ለዛም ነው ሞንቴክሪስቶ ወይ ሮሜዎ ዪ ሁሊዬታ የሚል ሁለት አይነት የምታገኘው፣ ስሙ አንድ ሲጋሩ ሌላ፣ ቀለበቱን (ሲጋሩ ላይ የሚጠመጠመውን ስም ያለበት ወረቀት) አይተህ ኩባ ነው ብለህ እንዳትገዛ። መሞከር ከፈለግክ ውድ ከሆነው የኩባ ብራንድ ከኮሂባ አትጀምር፣ በ2022 ዋጋው በጣም ተሰቅሏል፣ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 አንድ ፍሬ ይበቃሃል። ዱቲ ፍሪ ወይም ፈቃድ ካለው ሱቅ ብቻ ግዛ፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሳጥን ያለ ጥርጥር ፎርጅድ ነው። አሜሪካ ላለ ዘመድ ይዘህ መሄድ ካሰብክ ደግሞ እንዳታስበው፣ ከ1962 ጀምሮ ማዕቀብ አለ፣ በኦባማ ጊዜ ተጓዥ እንዲያስገባ ተፈቅዶ ነበር፣ በ2020 ተመልሶ ተከለከለ።

ጥያቄ፦ ወፍራም ይሻላል ቀጭን? ቁጥሩስ ምንድነው?

መልስ፦ ሪንግ ጌጅ ነው፣ የሲጋሩ ውፍረት በኢንች 64ኛ ሲለካ። 50 ካለ ወደ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ነው። ቀጭን ላይ የራፐሩ ጣዕም ይጎላል፣ ወፍራም ላይ የውስጡ፣ ጭሱም ቀዝቀዝ ይላል። አሁን 60 የሚሆን ወፍራም ፋሽን ሆኗል፣ ለኔ አይመቸኝም፣ ራፐሩ ይጠፋብኛል። ሮቡስቶ አምስት ኢንች በ50 አካባቢ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ከሱ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለአማቴ ስጦታ ልገዛ ነው፣ ሲጋር ያጨሳሉ ግን ምን እንደሚወዱ አላውቅም። አዲስ አበባ ነው ያሉት።

መልስ፦ እህቴ፣ ሙሉ ሳጥን አትግዢ። የሚያጨሱትን ሲጋር ቀለበት ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ ሰው ካለ ግማሽ መልሱ እሱ ነው፣ ሻጩ በሱ ተነስቶ ተቀራራቢ ይሰጥሻል። ካልሆነ ከተለያየ አገር አራት አምስት ፍሬ ሳምፕለር ውሰጂላቸው። እርጥበት የሚጠብቀውን ቦቬዳ የሚባል ከረጢት 65 ወይ 69 የሚለውን ጨምረሽ ጥሩ ተደርጎ በሚዘጋ እቃ አሽጊው፣ የአዲስ አበባ የበጋ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ሜዳ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጣጠቃል። ፍሪጅ ውስጥ እንዳያስገቡት ንገሪያቸው፣ ደግሞም ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ የትምባሆ ነቀዝ ሊፈለፈልበት ይችላል። ከበረራ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቢያሳርፉት ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ እናንተ ቸኮሌት፣ ሴዳር እንጨት፣ ቀረፋ ትላላችሁ፣ እኔ ጭስ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። ጭሱን አፍህ ውስጥ ያዘው፣ አብዛኛውን በአፍህ አስወጣ፣ የቀረችውን ትንሿን ወደ ሳንባ ሳትስብ ቀስ አድርገህ በአፍንጫህ አውጣ። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ኒካራጓ ላይ አትሞክረው፣ ለስላሳ ኮኔክቲከት ላይ ተለማመድ። አንድ ሲጋር ላይ ሶስት አራት ጊዜ ካደረግከው በቂ ነው። የነዳጅ ላይተርም አትጠቀም፣ ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ ቡቴን ጋዝ ወይ ክብሪት ይሁን፣ ክብሪትም ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቀው።