ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ለፈጣን ልምምድ ይሆን እንደሆነ እንዴት ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ «ለረጅምና ለዝግታ ሩጫ ብዬ የገዛሁት፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ አለኝ። በዝግታ ስሮጥበት እጅግ ይመቸኛል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ በምሮጥበት ልምምድ ላይ ግን እግሬ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ፣ ተረከዜም ከጫማው የሚወጣ ይመስለኛል፤ ባቴም ከወትሮው ቀድሞ ይዝላል። አንድ ቀን በቀድሞው ቀጭን ጫማዬ ከምሮጠው በ6 ሰከንድ ዘገየሁ፣ በሌላ ቀን ደግሞ እኩል ገባሁ። ጫማው ለፍጥነት አይሆንም ማለት ነው ወይስ ችግሩ ከእኔ ነው? በምንስ ላረጋግጥ?»

መልስ፦ ብዙ ዓመታት የሠራሁት ለሯጮች የመሮጫ ጫማ እየለካሁ በማስመረጥና ያለቀ ሶል በመጠገን ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከጻፉልኝ ሁሉ ለፍርድ የሚረዳው «አንድ ቀን ዘገየሁ፣ በሌላ ቀን እኩል ገባሁ» ያሉት ነው። ጫማው በሁለቱ ቀናት ያው ነበር፤ የተለዋወጡት የእርስዎ አካል፣ አየሩና መንገዱ ናቸው። የሌሊቱ እንቅልፍ፣ ያልወጣ የትናንት ድካም፣ ፊት ለፊት የሚነፍስ ነፋስና የቀኑ ሙቀት ተደማምረው በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ ሰከንድ ሊጨምሩ ወይም ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በሁለት ደህና ጫማዎች መካከል የሚኖረው ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው እየሮጡ ሰዓት ማስተያየት የሚነግርዎ ስለ ቀኑ እንጂ ስለ ጫማው አይደለም። ሁለቱን ጫማዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድና በአንድ ልምምድ ውስጥ ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ብዙ ሯጭ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። የሶል ለስላሳነትና ሶሉ የወሰደውን ጉልበት መልሶ የመስጠት ችሎታው የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። ለብዙ ዓመታት የመሮጫ ጫማ መካከለኛ ሶል በአብዛኛው የሚሠራው ኢቫ ከሚባለው ስፖንጅ ነበር፤ በኋላ ፔባክስ ተብሎ ከሚታወቀው ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ቀላልና የበለጠ የሚነጥር ስፖንጅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ሁለቱ በመሣሪያ ሲለኩ፣ ፔባክስ ያለበት ወፍራም ጫማ የተጫነበትን ጉልበት 87 በመቶ ሲመልስ፣ ቀጭኑና ኢቫ ያለበት የውድድር ጫማ የመለሰው 65.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሙከራው የተሳተፉት 18 ሯጮችም በወፍራሙ ጫማ ሲሮጡ በአማካይ 4 በመቶ ያህል ያነሰ ጉልበት አውጥተዋል። ከዚህ የምንረዳው ወፍራምና ለስላሳ መሆን ብቻውን ጫማን ዘገምተኛ እንደማያደርገው ነው። ሆኖም ወፍራም ሶል ሁሉ እንዲህ ይነጥራል ማለትም አይደለም፤ በአውራ ጣት ተጭኖ «ይህ ይሰምጣል፣ ይህ ይገፋል» ብሎ መፍረድም አያስተማምንም፤ ምክንያቱም በሩጫ ጊዜ ሶሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ሲሆን እግር መሬት ነክቶ የሚቆየውም ከሰከንድ ሩብ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ጣት ይህን ሊያስመስል አይችልም።

ክብደትንም በቤት ሚዛን ይመዝኑ። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚፈጀው ኦክስጅን በ1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ተለክቷል። ወፍራሙ ጫማዎ ከቀጭኑ በ60 ግራም ቢከብድ፣ በ4 ደቂቃ ኪሎ ሜትር ላይ ከክብደቱ የሚመጣው ልዩነት ከ1.5 ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ ያ 6 ሰከንድ በክብደት ብቻ ሊመጣ አይችልም።

አሁን ወደ ተረከዙ እንምጣ፤ ይህ ካልተስተካከለ የሚቀጥለው ፈተና ሁሉ ዋጋ የለውም። ተረከዝ ከጫማ የሚወጣ ሲመስል እግር ሳይታወቀው ጣቶቹን እያጠፈ ጫማውን ለመያዝ ይሞክራል፤ ባትም ያለ ጥቅም ይደክማል። በአብዛኞቹ የመሮጫ ጫማዎች ላይ ወደ ቁርጭምጭሚት በኩል ሳይሰካ የሚቀር የመጨረሻ የማሰሪያ ቀዳዳ አለ። ማሰሪያውን ከታችኛው ቀዳዳ አውጥተው በዚያው ጎን ወዳለው ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገቡትና ትንሽ ቀለበት እንዲቀር ያድርጉ፤ በሌላው ጎንም እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው ቀለበት አሳልፈው፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ አድርገው ወደ ኋላ ካስጠጉ በኋላ፣ ጫፎቹን መጀመሪያ ወደ ታችና ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይሳቡና ይሰሩ። የእግርዎ ጀርባ ላይ ሕመም እስኪሰማ ድረስ ግን አያጥብቁ። በዚህ ብቻ ቅሬታቸው የተወገደላቸው ሯጮች ጥቂት አይደሉም። ይህን አድርገውም ተረከዝዎ ከተንቀሳቀሰ ጫማው ለእግርዎ ሰፍቷል፤ ፈተናውን መቀጠል አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጫማውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዓይንዎን ከተረከዙ ትይዩ አድርገው ከኋላ ይመልከቱት። አንድ ጊዜ አንድ ሯጭ «መታጠፊያ ላይ ብቻ እግሬን ይከዳኛል» ብሎ ያመጣውን ጫማ እንዲህ ሳየው፣ በውስጠኛው ጎን ስፖንጁ ላይ እንደታጠፈ ወረቀት የተሰመሩ ሦስት ጥልቅ መስመሮች ነበሩ፤ በውጭው ጎን ግን አንድ ስስ መስመር ብቻ ታየኝ። የሶሉ ጎማ ገና አዲስ ይመስል ነበር፤ ስፖንጁ ግን ወደ አንድ ጎን ተደፍቷል። የእርስዎም ጫማ እንዲህ ያለ ምልክት ካለው አስቀድሞ ያለቀ ስለሆነ፣ በፈተናው ሊፈረድበት አይገባም። ጫማው ገና አዲስ ከሆነም ሶሉ እንዲለሰልስና እግርዎ እንዲለምደው በዝግታ ሩጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሂዱበት።

ዋናው ፈተና እንዲህ ነው። ቀጭኑን ጫማ «ሀ»፣ ወፍራሙን «ለ» እንበላቸው። ጠፍጣፋ የሆነና ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡበት አንድ ኪሎ ሜትር ይምረጡ፤ መም (የስታዲየም መሮጫ) ካገኙም ይበልጥ ይሻላል። በደንብ ካሟሟቁ በኋላ አንድ የማይቆጠር ፈጣን ዙር ይሩጡ፤ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ስሜት አለው። ከዚያ አራት ዙር በ«ሀ»፣ «ለ»፣ «ለ»፣ «ሀ» ቅደም ተከተል ይሩጡ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። ሁለቱ ጫማዎች ፍጹም እኩል ናቸው፣ ድካም ግን በየዙሩ 2 ሰከንድ ይጨምራል እንበል፤ ሰዓቶቹ 4:00፣ 4:02፣ 4:04 እና 4:06 ይሆናሉ። «ሀ»ን ሁለት ጊዜ አስቀድመው፣ «ለ»ን አስከትለው ቢሮጡ፣ «ለ» በየኪሎ ሜትሩ 4 ሰከንድ የዘገየ ይመስልና ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። በ«ሀ»፣ «ለ»፣ «ለ»፣ «ሀ» ከሆነ ግን የሁለቱም ድምር 8:06 ይመጣል፤ ድካሙ ለሁለቱም እኩል ተካፈለ ማለት ነው።

በዙሮቹ መካከል የሚያርፉበት ጊዜ እኩል ይሁን፤ ጫማ ለመቀየርና በጥንቃቄ ለማሰር 4 ደቂቃ ይበቃል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ዙር ጫማ የማይቀየር ቢሆንም፣ አውልቀው እንደገና ይሰሩት፤ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ማሰሪያው በየዙሩ እንደ አዲስ ካልታሰረ ሁለቱ ጫማዎች በእኩል ሁኔታ አይፈተኑም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እየሮጡ ሰዓትዎን አይመልከቱ። የሰዓቱን ፊት በእጅጌ ይሸፍኑት፤ ሲነሡና ሲጨርሱ ቁልፉን ብቻ ይጫኑ። ዓይን ሰዓት ላይ ካለ እግር ቁጥሩን ለማሟላት ይታገላል፤ ያን ጊዜ በሰዓቱ የሚመዘገበው የጫማው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የእርስዎ እልህ ይሆናል። መመሪያዎ የትንፋሽ ጥረት ይሁን፦ አራቱንም ዙሮች ጥቂት ቃላት ብቻ መናገር በሚያስችል ተመሳሳይ ጥረት ይሩጡ። በእጅ ሰዓት የሚለካ የልብ ምት በእንዲህ ያለ አጭር ዙር ውስጥ ስለሚዘገይ አልተማመንበትም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ፈተና በተገላቢጦሽ፣ «ለ»፣ «ሀ»፣ «ሀ»፣ «ለ» አድርገው ይድገሙት፤ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ የቀን ሰዓትና ሙቀት ይሁን፤ ኢቫ በብርድ ይጠነክራል፣ በሙቀት ይለሰልሳልና። በሁለቱም ቀናት አንዱ ጫማ በአማካይ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቀደመ እውነተኛ ልዩነት እንዳለ እቀበላለሁ። አንድ ቀን አንዱ፣ በሌላው ቀን ሌላው ከቀደመ ግን እኩል እንደሆኑ ይቁጠሩና ሰዓቱን ይርሱት።

ሰዓት ግን ሁሉን አይናገርም። በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር፣ እግር ሲደክም፣ ወዳጅዎ ከኋላ በጉልበት ቁመት ላይ ሆኖ በስልክ ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ይቅረጽዎ። እግርዎ መሬት ሲነካ ቁርጭምጭሚትዎ ወደ ውስጥ የሚያጋድለው በ«ሀ» እና በ«ለ» እኩል ነው ወይስ በ«ለ» ይብሳል? መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እግርዎ በሶሉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል? ለስላሳና ከፍ ያለ ሶል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደህና ሆኖ በመታጠፊያ የሚያወላውል ከሆነ፣ እኔ ለፍጥነት አልመርጠውም፤ የ2 ሰከንድ ትርፍ ለቁርጭምጭሚት ወለምታ ካሣ አይሆንምና። ድምፅንም ያዳምጡ፦ በድካም ጊዜ የፊት እግርዎ መሬቱን በጥፊ የሚመታ ድምፅ ካሰማ፣ እግርዎ ሶሉን መቆጣጠር ማቆሙን ያመለክታል።

ስለ ባትዎ ደግሞ ይህን ልበል። ሶሉ ተረከዙ ላይ በጣም ከለሰለሰ ተረከዝ ከፊት እግር ይበልጥ ስለሚሰምጥ፣ በወረቀት ላይ ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር የተባለው፣ ተረከዝ ከፊት እግር የሚበልጥበት ከፍታ በሩጫ ጊዜ ይቀንሳል፤ ባትና የተረከዝ ጅማትም ይበልጥ ይወጠራሉ። በፈተናው ማግሥት ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያስተውሉ። የሁለቱም ባቶች እኩል መዛል የተለመደ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ቢያምዎ ግን በዚያ ጫማ ፈጣን ሩጫ ያቁሙ፤ ሕመሙ ከሰነበተም ሐኪም ያማክሩ።

ሁለቱ እኩል ከሆኑና ወፍራሙ ካልተወላወለ፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የሚዘልቀውን ፈጣን ሩጫ በወፍራሙ፣ የ200 እና የ400 ሜትር ዙሮችን በቀጭኑ ቢያደርጉ እመክራለሁ፤ በአጭሩና በፈጣኑ ሩጫ መታጠፊያው ይበዛል፣ እግርም መሬቱን በቅርብ ማወቅ ይፈልጋል። በውድድር ሊጫሙት ካሰቡም የሶሉን ውፍረት አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የጎዳና ውድድር ገደብ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመም ላይ 20 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ ሆኖ የገባው አትሌት ሶሉ ከተፈቀደው 1 ሴንቲ ሜትር በልጦ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል።