የመምህር ሥራ ግማሽ ቀን ነው?

ወንድሜ፣ «መምህር የሚያስተምረው ግማሽ ቀን፤ ታዲያ ደመወዙ ምን አነሰው?» ብለህ ጠይቀሃል። አነሰው እንጂ፣ ያውም በጣም! አንተ ያየኸው ክፍል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ብትመጣ፣ በዚያ የመንዝ ብርድ ጋቢ ደርቦ እስከ እኩለ ሌሊት የፈተና ወረቀት የሚያርም መምህር ታገኛለህ። የትምህርት ዕቅዱም፣ ተከታታይ ምዘናውም አለ። ለዚህ ትርፍ ሰዓት ብሎ የሚከፍለው የለም። ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የደረጃ ዕድገት መኖሩ እውነት ነው። ግን ዓመታት ይፈጃል፤ የቤት አከራይ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ኑሮው ብሶበታል። ደብረ ብርሃን የተመደበ ጀማሪ መምህር ኪራይ ከፍሎ በተረፈችው ብር ወሩን መድረስ ይከብደዋል። እኔን ብትጠይቀኝ፣ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር መቅደም ያለበት የመኖሪያ ቤት ነው፤ በተለይ ገጠር ለተመደቡት።