ፑሌጃውን የሚያሽከረክረው ቻቬታው አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከይርጋለም ነው። ቡና የማመላልስበት ላንድክሩዘር ፒካፕ አለኝ፤ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ናፍጣ ነው። ከፊት በኩል፣ ከትልቁ ፑሌጃ (ቺንጋ ከሚያዞረው ክብ ብረት) ጀርባ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል። መካኒኩ «ፓራዮሊዮው (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው ቀለበት) ይቀየር» ብሎ ፑሌጃውን ሊያወጣ ቢሞክር የመሐሉ ብሎን አልፈታ አለው። አሁን ቁልፉን ሻንሲው ላይ አስደግፈን በሞተሪኖ (በሞተሩ ማስነሻ) እናሽከርክረው ይላል። ሲገጥም ደግሞ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ስለሌለው በቱቦ አጥብቆ በመሮና በመዶሻ እንደሚጨርሰው ነግሮኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አይፍቀዱለት፤ አፈታቱንም አስተሳሰሩንም። መካኒክዎን ግን አይቀየሙት፤ ይህ ብሎን ብዙ ጎበዞችን ያስቸገረ ነው። ፋብሪካው እንዲታሰር ያዘዘው በ430 ኒውተን ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ ወደ 44 ኪሎ ግራም ማንጠልጠል ማለት ነው። ለዓመታት ሳይነካ ከኖረና ዝገት ከያዘው ደግሞ ለመፍታት ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

ወደ ብሎኑ ከመሄዳችሁ በፊት ዘይቱ በእርግጥ ከፓራዮሊዮው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? የሞተሩን ፊት አጥባችሁ አድርቁት፤ ሞተሩን አስነስታችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ከመሪው ፓምፕ የሚወርድ ዘይትም እዚያው ይንጠባጠባል። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦም ፈትሹ። እሱ ከተደፈነ ውስጥ የታመቀው ጋዝ በአዲሱም ፓራዮሊዮ በኩል ዘይት ገፍቶ ያወጣልና ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ፑሌጃውን የሚያሽከረክረው ቻቬታው፣ ያቺ በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ቦይ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሽ ብረት ትመስለዋለች። የእሷ ሥራ ፑሌጃው ሲገባ ቦታውን እንዳይስት መምራት ነው። ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ብሎኑ ፑሌጃውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ጨምቆ ሲይዘው የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር 9,000 ጊዜ ይፈነዳል፤ ክራንክ ሻፍቱም 9,000 ጊዜ ይገፈተራል። ብሎኑ በመጠኑ እንኳ ከላላ ያ ሁሉ ምት ቻቬታዋ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ እሷ ትቆረጣለች፣ ቀጥሎ ቦዩ ይሰፋል። ይኸው ሞተር ያለው ኮስተር አውቶቡስ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ተበልቶ ወደ ጋራዤ ሲገባ አይቻለሁ። ቻቬታ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል፤ ክራንክ ሻፍት ለመቀየር ግን ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

የሞተሪኖውን ዘዴ የምቃወመው ናፍጣ ሞተር ለመነሣት ሻማ ስለማያስፈልገው ነው። ብሎኑ ድንገት ሲለቅ ሞተሩ ቢነሣ፣ ወይም ቁልፉ ቢያመልጥ፣ ያ ብረት ራዲያተር ወይም የሰው እጅ ይመታል። ከዚያም በላይ በሞተሪኖ መፍታት እንጂ ማሰር አይቻልም፤ ስለዚህ ለማሰር የሚያስፈልገውን መያዣ ከአሁኑ ማዘጋጀት ይሻላል። ፑሌጃው ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በስታችሁ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 በተጻፈባቸው ብሎኖች እዚያ እሰሩት፤ ሌላውን ጫፉን ሻንሲው ላይ አስደግፉት። ይህ ካልተገኘ መኪናውን መሬት ላይ እንዳለ 5ኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አግዳችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ፣ አንድ ሰው የእግር ፍሬኑን ይርገጥ። በሁለቱም መንገድ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይነቀል፤ ባትሪው ሁለት ከሆነ ከሁለቱም። ቡሶላው (የብሎኑን ጭንቅላት የሚይዘው የቁልፉ ራስ) ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የብሎኑን ጭንቅላት ያደቀዋል። ብሎኑ የሚፈታው እንደ ማንኛውም ብሎን ከፊት ሲታይ ወደ ግራ ነው።

እሳት አታቅርቡ። ፑሌጃው አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ በመሐል እምብርቱና በውጭ ቀለበቱ መካከል የክራንክ ሻፍቱን ንዝረት የሚያበርድ ጎማ አለ። ሙቀት ጎማውን ያበላሻል። የውጭውን ጠርዝ በመዶሻ መምታትም ሆነ በባለ ጥፍር መንቀያ መሳብም እንደዚያው። መንቀያውን በእነዚያው ሁለት ቀዳዳዎች እሰሩና በእኩል ሳቡት።

ፑሌጃው ሲወጣ ፓራዮሊዮው የሚያርፍበትን አንገት በጥፍርዎ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲሱ ፓራዮሊዮም ያፈሳል፤ ከንፈሩ ባልተበላው ቦታ እንዲያርፍ ትንሽ አስጠግታችሁ ወይም አርቃችሁ አስገቡት። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ፑሌጃው ራሱ ይቀየር።

ብሎኑንና የሚገባበትን ጥርስ በደንብ አጽዱ። ብሎን ሲታሰር ከጉልበቱ ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን በጭንቅላቱ ሥርና በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ይበላዋል፤ ብሎኑን የሚወጥረው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ዝገት ያለበት ብሎን ጠበቀ ብሎ ያታልላል። ቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ካለም ጥረጉት፤ መውጫ ስለሌለው ብሎኑን ይገፋል።

ቶርክ ሬንች ከከባድ መኪና ጎማ ቤቶች መከራየት ይቻላል፤ የእነሱ እስከዚህ መጠን ይደርሳል። ካልተገኘ ግን እርስዎ የቡና ሰው ነዎትና 50 ኪሎ ግራም የሚያነብ ተንጠልጣይ ሚዛን አያጡም። ትክክለኛነቱን በ20 ሊትር ውኃ ይፈትኑት። ከብሎኑ መሐል ልክ አንድ ሜትር ለክተው ቱቦው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሚዛኑን እዚያ አስረው ከቱቦው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ 44 እስኪያነብ በዝግታ ይሳቡ። ቱቦው አግድም ከሆነና ወደ ታች የሚስቡ ከሆነ የክብደቱን ግማሽ ይቀንሱ፤ 4 ኪሎ ግራም ቱቦ ከሆነ 42 ላይ ያቁሙ። መሮና መዶሻ ግን የብሎኑን ጭንቅላት ከማቁሰል በቀር ምን ያህል እንደታሰረ የሚነግሩት ነገር የለም።

በመጨረሻ ከብሎኑ ጭንቅላት እስከ ፑሌጃው አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ይመልከቱት። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ተንቀሳቅሷልና እንዲያው ከላይ አጥብቀው አይለፉት፤ ፑሌጃው ወጥቶ ቻቬታዋ ትታይ።

ጥያቄ፦ የእኔም መኪና ይኸው ሞተር ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ይህ ፑሌጃ የግድ መውጣት አለበት? (አንባቢ ከወልቂጤ)

መልስ፦ የለበትም። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው የሚዞረው ከላይ፣ በካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) እና በናፍጣ ፓምፑ በኩል ባለው ማርሽ መካከል ነው፤ ከክራንክ ሻፍቱ እስከዚያ ያለው በማርሽ የተያያዘ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራትም ያስታውስዎታል። ፑሌጃውን አውጥቼ ነው ብሎ የእጅ ዋጋ የሚጨምርብዎት ካለ ለምን እንዳወጣው ይጠይቁት።